ሦስት ሆነን በማለዳ ያንኳኳነው በር

ከቃሉ በፊት ትንፋሹን ሰማሁት።

ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ የምትናገረው ያቺ የማሽን ሴትዮ ናት። ከእስር ቤት የተደወለ ነው፣ የምትነጋገሩት ይቀዳል ትላለች። እሷ ስትጨርስ ልጄ ሁልጊዜ ቶሎ ብሎ «ሃይ እማ» ይለኛል። የዚያን ቀን ግን ዝም አለ። በዝምታው ውስጥ ሲር፣ ሲር የሚል ነገር ነበር፤ በበር ሥር የሚገባ ነፋስ ይመስላል። ነፋስ እንዳልሆነ ወዲያው አወቅኩ። ልጄ ትንሽ ሳለ ይህንኑ ድምፅ ማጅራቴ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ አዝዬው ወደ ጤና ጣቢያ ስሮጥ።

«አስምህ ተነሳብህ?»

«አይ ኤም ፋይን፣ እማ።»

«ፋይን አትበለኝ። እየሰማሁህ ነው።»

ከዚያ ነገረኝ። ሥራ ቀይረውበታል። እስር ቤቱ ውስጥ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የነበረ አሮጌ ሕንፃ አለ። የሕንፃውን ሻወር ቤቶች ሻጋታና የተላጠ ቀለም እየፋቁ በበረኪና ከሚያጥቡት እስረኞች ጋር ደባልቀውታል። አፉ ላይ የሚያስረው ስስ ጨርቅ ነው። ደረቴ አልቻለም፣ ወደ ኪችን መልሱኝ ብሎ ኃላፊውን ጠየቀ። ኃላፊው ሥራህን ሥራ አለው። በማግስቱ ከአልጋዬ አልነሳም አለ። ራይት-አፕ ጻፉበት፤ ሥራ እምቢ ብሏል የሚል ክስ ማለት ነው። ክሱ ከጸና ስልክ ይከለከላል። ከስልኩ የባሰው ግን በጥሩ ጠባዩ የተቀነሰለት ጊዜ ተመልሶ ይጨመርበታል። መውጫው ደግሞ ለፈረንጅ ገና ነበር።

«ስለዚህ ነገ ወደ ሥራው እመለሳለሁ» አለ። «ኢትስ ኦኬ።»

እምቢ በል ልለው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እሺ በል ልለው ደግሜ ከፈትኩ። እሱም አልወጣኝም። እሺ ካለ ያ ሲርታ አለ። እምቢ ካለ መውጫው ይርቃል። በሁለቱም በኩል ልጄን የሚወስድብኝ ነገር ቆሟል። ስልኩ ተቋረጠ፤ ጊዜው ሲያልቅ ማሽኗ ራሷ ትቆርጠዋለች። ኪችን ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። እጄ ሽንኩርት ይሸታል።

ልጄ ጥፋተኛ ነው። አላጠፋም ብዬ ለማንም ተከራክሬ አላውቅም። ጓደኞቹ ሱቅ ሲዘርፉ መኪናውን አስነስቶ የጠበቃቸው እሱ ነው። የባለሱቁን ፊት ፍርድ ቤት አይቼዋለሁ፤ ዛሬም ሳስበው አንገቴን ያስደፋኛል። ዳኛው ዓመታት ፈረደበት። ሳንባህን አምጣ ብሎ ግን አልፈረደበትም።

እኔም የምኖረው በማጽዳት ነው፤ ኤመሪቪል ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሩም አጸዳለሁ። በረኪናን አውቀዋለሁ። መስኮት በሌለው ባኞ ቤት ውስጥ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ይዘጋል። አንድ ሰሞን ደረቴን ሲያፍነኝ ሱፐርቫይዘሯን ዛሬ ባኞ ቤት አልችልም አልኳት። ፊቷን አጨማዳ ወደ ላውንድሪ ላከችኝ። ባትልከኝ ሽርጤን አውልቄ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ብትቆጣ ብታባርረኝ ነው። ልጆቼን የማይበትን ቀን ልትገፋብኝ አትችልም። ከዚያ ስልክ በኋላ ባኞ ቤት በገባሁ ቁጥር የሚታየኝ ይኸው ነው፤ እኔ እምቢ ብል በር አለኝ፣ እሱ የለውም።

በዚያው ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከመጨረሻዋ ልጄ ጋር ሌክ ሜሪት ዳር ስንሄድ ጠረጴዛ ዘርግተው የቆሙ ሰዎች አየን። ሁሉም ጥቁር ቲሸርት ለብሰዋል። ልጄ ሃይስኩል ናት። አማርኛ ስናገራት ትሰማኛለች፣ የምትመልስልኝ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ቲሸርቱ ላይ የተጻፈውን አነበበችና ቆመች።

«ማም፣ ዚስ ኢዝ አባውት ሂም።»

«ስለማን?»

«ወንድሜ» አለች። ይህችን አንዷን በአማርኛ አለቻት።

ከጠረጴዛው ጀርባ የነበረችው አስተባባሪ በኔ ዕድሜ ያለች፣ ድምፀ ጎርናና ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ወንድሟ እስር ቤት ገብቶ ሸብቶ ነው የወጣው። ቀስ ብላ አስረዳችን፣ ልጄም የቀረውን አስረዳችኝ። የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ባርነት ክልክል ነው ይላል። ሰውን ያለ ፈቃዱ ማሠራትም ክልክል ነው ይላል። ከዚያ ቀጥሎ፣ ወንጀልን ለመቅጣት ካልሆነ በቀር፣ ይላል። ሕዝቡ በኖቬምበር ድምፅ የሚሰጠው ይህቺ «ካልሆነ በቀር» ትውጣ ወይስ ትቆይ በሚለው ላይ ነው። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ሕገ መንግሥት ለትልልቅ ሰዎች ይመስለኝ ነበር። ለካ አንዷ ሐረግ ልጄ ደረት ላይ ተቀምጣለች።

«እስረኛ ሥራ አይሥራ ነው የምትሉት?» ብዬ አስጠየቅኋት።

ሳቀች። «ወንድሜ ሥራ ነፍሱ ነው። አይሥራ ማን አለ? ታምሜአለሁ ሲል፣ ትምህርት ልማር ሲል፣ እምቢ በማለቱ አይቀጣ ነው ያልነው።»

ቲሸርት ሰጠችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ ወሰድኩት።

ልጄ ቀጥሎ ሲደውል ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ያ ሲርታ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማ፣ ስሜን እንዳትጠሪ። ፕሊዝ» አለኝ። ማሽኗ እንደምትቀዳ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ምላሴን ነከስኩ። ማን እንደሚሰማው አላውቅም፣ ሰምቶ ምን እንደሚያደርገውም አላውቅም። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው ስናገር ልጄ እላለሁ እንጂ ስሙን አልጠራም። እዚህም የማንም ስም የሌለው ለዚሁ ነው።

የምንኖረው ኦክላንድ ነው፤ የምንሰበሰብበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ሳን ሆዜ ነው። እዚያ ልጄ እንደታሰረ የማያውቅ የለም። የሚያነሳውም የለም። «እህቴ፣ ልጆች ደህና ናቸው?» ይሉኛል፤ ዓይናቸው ግን ወደ ሴቷ ልጄ ይሄዳል። እንዳላፍር ብለው ነው። ደግነት ነው፣ አውቃለሁ። በዚያ ደግነት ውስጥ ልጄ ቀስ በቀስ የሌለ ሰው ሆነ።

አስተባባሪዋ አንድ ቀን፣ «የእናንተን ሰዎች በር የሚያንኳኳ የለንም። አንቺ ለምን አትሞክሪም?» አለችኝ። በር ማንኳኳት ማለት ከቤት ቤት እየሄዱ፣ በዚህ ነገር ላይ ዬስ በሉልን እያሉ ሰው ማስረዳት ነው። ፈራሁ። ብቻዬንማ አይሆንም። ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱን፣ ፖለቲካ የሚወዱትን ጋሼን ጠየቅኳቸው። ፓርኪንግ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሲትዝን ከሆኑ ወዲህ አንድም ምርጫ ያላመለጣቸው ሰው ናቸው።

«ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽኝ?» አሉ። ልጄን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርተው እንዴት ነው ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ከኳየር አንዲት እህት ጨመሩልን፤ ሦስት ሆንን።

ያ ሳምንት ከፋ። ከሰሜን በኩል የሰደድ እሳት ነበርና ጭሱ ወርዶ ከተማውን ሁሉ ሸፈነው። ፀሐይዋ በቀን ቀይ ሳንቲም መሰለች። መስኮት ዘግተን፣ ከበር ሥር ፎጣ ጎዝጉዘን ተቀመጥን። ልጄ የሚደውልበት ቀን መጣ፣ አልደወለም። ቀጣዩም ቀን አለፈ። እስር ቤቱ ጋ ደወልኩ፤ አንዱ ማሽን ለሌላው ማሽን ያቀብለኛል። በመጨረሻ ሰው አነሳ፣ እኔ እንግሊዝኛዬን እስክሰበስብ ጠብቂ ብሎ ሆልድ አደረገኝ። እዚያው ሆልድ ላይ እንዳለሁ ተዘጋ። ስልኩ የተከለከለው በራይት-አፑ ይሁን፣ ሌላ ነገር ደርሶበት ይሁን የሚነግረኝ አጣሁ። ሥራ ላይ ስልኬን ከጡቴ ሥር እሸጉጠዋለሁ። ሳይጠራ የጠራ ይመስለኛል።

እንዲህ ሆኜ ነው ሳን ሆዜ ወደዚያ አፓርትመንት የሄድነው። ማለዳ የመረጡት ጋሼ ናቸው።

«ሐበሻ ሺፍት ሳይገባ ካልያዝሽው አታገኚውም» አሉ።

«ጋሼ፣ ገና ተኝተው ይሆናል እኮ።»

«ተኝተው ካገኘናቸውማ አያመልጡንም!»

ብርድ ነበር። ከጥቁሩ ቲሸርት ላይ ነጠላዬን ተከናነብኩ። ጋሼ ለደስታም ለሐዘንም ያቺኑ ጥቁር ካፖርታቸውን ነው የሚለብሱት። የኳየሯ እህት ጭሱ ዓይኗን አቅልቶት ሶፍት ይዛ ታብሳለች፤ የኔም ቀልቷል፣ የኔ ግን ከጭሱም በላይ ነው። እርስ በርስ ተያይተን ምንም አልታየንም።

የመጀመሪያውን በር ጋሼ አንኳኩ። አንዲት ሴት ሰንሰለቱን ሳትፈታ ከፈተች። የሥራ ልብሷን ለብሳለች፣ ፀጉሯ ገና አልተሠራም። ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እንደምን አደርሽ፣ እህቴ። ይቅርታ፣ በማለዳ መጣንብሽ። ብንገባና ቁጭ ብለን ብንነጋገር ይሻላል።»

ሴትዮዋ ሰንሰለቱን ፈታች። አየችን። ከጋሼ ካፖርት ወደ እኔ ነጠላ፣ ከኔ ነጠላ ወደ ኳየሯ እህት ሶፍት። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ። በዚህ አገር በር የሚያንኳኳ ወይ ዕቃ ይሸጣል ወይ ድምፅ ይለምናል። የኛ ሰው ዘንድ ግን ሦስት ሆኖ፣ ጥቁር ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጎህ ሲቀድ የሚመጣ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው። መርዶ።

«ወይኔ!» አለች። «መኪናው ተገለበጠ! ባሌ! ባሌን!»

እዚያው በሩ ላይ ወደቀች። ደረቷን ትመታለች፣ ባሏን እየጠራች ታለቅሳለች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር እንደሆነና ስቴት አቋርጦ መንገድ ላይ እንደነበረ በኋላ ነው ያወቅነው። ከፊት ለፊቱ ቤት አንድ ቬትናማዊ ሽማግሌ በነጠላ ጫማ ብቅ አሉና ስልካቸውን አወጡ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አንዴ ያደርጋሉ፣ አንዴ ያወልቃሉ።

«ኧረ ማንም አልሞተም! ለምርጫ ነው! ኧረ ለድምፅ ነው የመጣነው፣ እህቴ!»

ማን ይሰማቸዋል። ተንበርክኬ ሁለት እጇን ያዝኩ። ጉልበቷ ሊጥለኝ ነበር።

«እህቴ፣ ባልሽ ደህና ነው። ያንቺ ሰው አይደለም። የኔ ልጅ ነው።»

በእንባዋ መሐል አየችኝ።

«ልጅሽ ሞተ?»

«አላውቅም» አልኳት።

ሳላስበው የወጣኝ ቃል ነው። ያን ሁሉ ቀን ለራሴም ያላልኩትን፣ ስሟን ለማላውቃት ሴት፣ ሰው በር ላይ ተንበርክኬ አልኩት። ስታለቅስ ልይዛት የተንበረከክሁት እኔው አለቀስኩ፣ እሷ ያዘችኝ።

ባሏ ጋ ደወለች። ስፒከር ላይ አደረገችው። «ምነው በጠዋቱ? ሎድ እያራገፍኩ ነው፤ መልሼ ልደውል» አለ ድምፁ። ስልኩን ዘግታ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ወደኛ ዞረች።

«እናንተ ሰዎች! ጥቁር ለብሳችሁ፣ ዓይናችሁን አቅልታችሁ፣ በዚህ ማለዳ! ምን ቀራችሁ? ድንኳን ነው?»

«ድንኳኑ መኪና ውስጥ ነው» አሉ ጋሼ።

ልትስቅ አልፈለገችም፤ ሳቋ ግን አመለጣት። የኳየሯ እህት ሶፍቷን አቀበለቻት። ለሽማግሌው ጎረቤት እጇን አውለበለበችላቸውና እኛን ወደ ውስጥ አስገባችን።

ነርስ ናት፤ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ጋሼ የመጣንበትን አስረዱ። ጫማዋን እያሰረች ሰማቻቸው፤ አልተቀበለችም።

«ሥራ ቢሠሩ ምን አለበት? እኔ ዳብል ሺፍት እየሠራሁ አይደል? ወንጀል ሠርተው ተኝተው ሊበሉ ነው?»

ጋሼ ወደ እኔ አዩ። የተለማመድኩት ንግግር ነበረኝ፤ ሁሉም ጠፋኝ።

«አንቺ ትንፋሽ ቢያጥርሽ ዛሬ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት።

«ኮል ሲክ አደርጋለኋ፤ ታምሜአለሁ ብዬ ደውዬ እቀራለሁ።»

«ልጄ ኮል ሲክ ቢያደርግ ክስ ነው። አንዴ አደረገ፣ ጻፉበት። ሻጋታ ነው የሚፍቀው፣ በበረኪና። አስም አለበት። ከዚያ ወዲህ ስልክ የለም።»

የጫማዋን ክር ለቀቀችው።

«ትንፋሹ ሲር ሲር ይላል? ሲያስገባ ነው ሲያስወጣ?»

«ሁለቱንም።»

ፊቷ ተለወጠ። ነርስ ፊቷን ስትለውጥ ማየት እንዴት እንደሚያስፈራ ልጁ የታመመበት ሰው ያውቀዋል። ሰዓቷን አየች፣ ለሥራ ቦታዋ አረፍዳለሁ ብላ ቴክስት አደረገች፤ ከዚያ «ቁጥሩን አምጪ» አለችኝ።

እንግሊዝኛዋ ምስማር ነው። አንዱን ማሽን አልፋ፣ ሁለተኛውን አልፋ ሰው አገኘች። አልለመነችም። የእስር ቤቱን የሕክምና ክፍል አስጠራች። አስም ያለበት ሰው በበረኪናና በሻጋታ እያሠራችሁ ነው፣ እናቱ ዛሬ እንደነገረቻችሁ መዝግቡልኝ፣ የመዘገብሽው ማን ነሽ፣ ስምሽን ንገሪኝ አለች። መጨረሻ ላይ፣ እናቱን ካጣችሁ ለኔ ደውሉ ብላ የራሷን ቁጥር ሰጠች።

ልንወጣ ስንል ጋሼ በሩ ላይ ቆም አሉ። «እንግዲህ፣ እህቴ፣ ድምፅሽን...»

«ጋሼ፣ ይሂዱልኝ! መጀመሪያ ልጁ ይተንፍስ።»

የዚያን ቀን ሌላ በር አላንኳኳንም።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ኤመሪቪል ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። የእስር ቤቱ ከተማ ቁጥር ነው። ማሽኗ የምትደውልበት ቁጥር ግን አይደለም፤ ሌላ ነው። አየሁትና አላነሳሁትም። የሰው ሞት በስልክ አይነገርም፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ፈረንጅ ግን በስልክ ይናገራል፣ አውቃለሁ። ካላነሳሁት ልጄ አልሞተም። ስልኩን ከአንሶላ መግፊያው ጋሪ ሥር፣ ከቆሸሹት ፎጣዎች ውስጥ ከተትኩት። ፎጣው ውስጥ ሆኖ ደግሞ ጠራ። አልጋ ማንጠፍ ቀጠልኩ። አንዱን ትራስ ስንት ጊዜ እንዳለበስኩት እንጃ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠራ ቁጥሩን አየሁት፤ የነርሷ ነው።

«አንቺ! ለምን አታነሺም? አንቺን ሲያጡ እኔ ጋ ደወሉ።»

«ቤት መጥታችሁ ንገሩኝ» አልኳት።

«ምን?»

«በስልክ አትንገሪኝ። ጋሼን ይዘሽ ቤት ነይ።»

ገባት። ድምጿ ወዲያው ለሰለሰ። «ስሚኝ፣ እናቴ። መርዶ አይደለም። ይተነፍሳል። ትሰሚኛለሽ? ልጅሽ ይተነፍሳል።»

ያልተነጠፈው አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ሱፐርቫይዘሯ በሩ ላይ ደርሳ ልትናገረኝ ነበር፤ አየችኝና ተወችኝ።

ሻወር ቤቱ ውስጥ እየፋቀ ሳለ ወድቋል። ከእስር ቤቱ ውጪ ወዳለ ሆስፒታል ወስደውታል። የትኛው እንደሆነ አይነግሩንም፤ ደንባቸው ነው። ኦክስጅን ላይ ነው፣ እግሩ ከአልጋው ጋር ታስሯል፣ ጠባቂ አጠገቡ ተቀምጧል። ነርሷ ይህንን ሁሉ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ዶክተሩ ወደዚያ ሥራ እንዳይመለስ አዟል አለች።

«ያ ራይት-አፑስ?» አልኳት።

«እሱ እንዳለ ነው።»

ልጄ ከዚያ በኋላ ሲደውል ድምፁ የሽማግሌ ነበር። ስለ ሆስፒታሉ አልጠየቅኩትም፣ ማሽኗ ትሰማለች። «በላህ?» ብቻ አልኩት። «በላሁ» አለኝ።

በር ማንኳኳቱን አልተውኩትም። ደንቡን ግን ቀየርነው፤ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ሆነን፣ ቀለም ያለው ሹራብ ለብሰን። ጋሼ በሩ ገና ሳይከፈት «የምሥራች ነው! ሁሉም ሰላም ነው!» ብለው ይጮሃሉ። ሰው እየሳቀ ይከፍታል። ነርሷ ቅዳሜዋን ለቃ አብራኝ የሄደችበትም ቀን ነበር። እሺ ያለን አለ፣ የሥራቸውን ያግኙ ያለን አለ። አንዷ ሴት ግን እስከ ደረጃው ሸኘችኝና ጆሮዬ ላይ፣ «የኔም ወንድም እዚያ ነው» አለችኝ። ማንም እንዳይሰማት ዞር ዞር እያለች።

የኖቬምበሩ ድምፅ ተቆጠረ። ተሸነፍን። ኖ ያለው በለጠ። «ካልሆነ በቀር» የምትለዋ ሐረግ እዚያው ቀረች። ኦክላንድ፣ አስተባባሪዋ ቤት ተሰብስበን ነበር፤ ውጤቱ ሲታወቅ ሰው ኮቱን እየፈለገ ወጣ። እኔ ነገሩ ሁሉ ያለቀ መሰለኝ፤ ልጄ በአገሩ ሕግ እምቢ ማለት አይችልም፣ ደረቱ ደግሞ እሺ ማለት አይችልም። ነገ ዶክተሩ ቢቀየርስ? ኃላፊው ቢያሾፍበትስ? አስተባባሪዋ ሳህን እያጠበች እጄን በእርጥብ እጇ ያዘችው።

«ወንድሜን ስጠብቅ ብዙ ኖቬምበር አልፏል» አለችኝ። «እንደገና ለድምፅ እናስቀርበዋለን። ትመጫለሽ?»

«ልጄ ሲወጣ» አልኳት።

የፈረንጅ ገና መጣ፣ ልጄ አልመጣም። ራይት-አፑ ያስጨመረበትን ጊዜ እየጨረሰ ነው። የዚያን ክረምት ከሆቴሉ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ሆቴሉ እየሄድኩ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን የሆነ ሰው ይህን ሥራ ብሎት እምቢ እንዳይል፣ ወይም እሺ እንዳይል።

የመውጫው ቀን ነርሷ በመኪናዋ ወሰደችኝ። ከበሩ ማዶ ባለው ፓርኪንግ ቆምን። ሰዓቱ አለፈ። አንድ ጠባቂ ወጣና ተመልሶ ገባ። አንድ የቀረ ወረቀት፣ አንድ አዲስ ክስ፣ አንድ ስህተት ይበቃል። ነርሷ እጄን ይዛለች። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ግራጫ ሹራብ የለበሰ ቀጭን ሰው ወጣ። ከሩቅ አላወቅኩትም። ከዚያ ጭንቅላቱን ዘንበል አደረገ፣ ልጅ ሳለ ፀሐይ ሲያይ እንደሚያደርገው።

«ሃይ እማ» አለኝ።

አላቀፍኩትም መጀመሪያ። ደረቱ ላይ ጆሮዬን አደረግኩ። ሰው ያያል አላልኩም። ልቡ ይመታል፤ ትንፋሹ ይገባል፣ ይወጣል። ከዚያ አቀፍኩት።

መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ እያየሁ ነው የመጣሁት። ፖሊስ መኪና ከኋላችን በመጣ ቁጥር እጁን እይዛለሁ። የንፋስ ወፍጮዎቹ ያሉበትን ኮረብታ አልፈን፣ ወደ ኦክላንድ ስንወርድ ተኛ። ነርሷ ሬዲዮውን ዘጋች። እኔ ሲርታውን እየጠበቅኩ አዳመጥኩት። የለም።

ቤት ስንደርስ እህቱ በሩን ከፍታ ቆማ ነበር። «ወንድሜ» አለችው፣ በአማርኛ። በሩን ከኋላችን ቆለፍኩት። ጫማውን አወለቀ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፣ እጁን የት እንደሚያደርገው እንዳልገባው ሰው ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«እማ፣ ነገ ምን ልሥራ?»

«ምንም። ተነስ ብልህም፣ ካልፈለግክ እምቢ በለኝ።»

ሳቀ። ሳቁ ንጹሕ ነው፣ ከሥሩ ምንም አያፏጭም።

አስተባባሪዋ እንደገና በር ልናንኳኳ ነው ብላ ደውላልኛለች፤ እሄዳለሁ ብያታለሁ። ያቺ ሐረግ አሁንም እዚያው ናት፣ የሌሎች ሰዎች ልጆች ደረት ላይ። የኔ ልጅ ግን ወጥቷል። ቤቴ ውስጥ ነው፣ ይተነፍሳል። ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ።